የሆኩሳይን ማዕበል ሳሎን ለመስቀል፦ ፖስተር፣ ሸራ ወይስ በእጅ የታተመ?

የጃፓናዊውን ሠዓሊ የሆኩሳይን «ታላቁ ማዕበል» በስሙ ባታውቁት በመልኩ ታውቁታላችሁ። ካፌ ግድግዳ ላይ፣ ስልክ ሽፋን ላይ፣ ቲሸርት ላይ አለ። ጃፓንም በ2024 ሐምሌ ባወጣችው አዲስ ባለ 1000 የን ኖት ጀርባ ላይ አትማዋለች።

ግራ የሚያጋባው «አንድ ገዝቼ ሳሎን ልስቀል» ሲባል ነው። ያው ማዕበል፣ ያው የፉጂ ተራራ፣ አንዱ ጋ 20 ዶላር፣ ሌላው ጋ 400 ዶላር ነው። ሻጩ በለጠፈው ፎቶ ላይ ልዩነታቸው አይታይም። ሁለቱም ጥቁር ፍሬም ውስጥ ናቸው። ሁለቱም ከነጭ ሶፋ በላይ ተሰቅለዋል። እዚህ የማነጻጽረው እነዚህን አማራጮች ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ትልቅነት ላይና ፍሬም ላይ ነው። እኔ ገንዘቡ መሄድ ያለበት ወረቀቱና ቀለሙ ላይ ነው ባይ ነኝ። ትንሽ ሆኖ በደህና ወረቀት ላይ የታተመ ምስል፣ ግድግዳ ከሚሞላ ሸራ ይሻላል።

«ኦርጅናል» የሚላችሁን ሰው ጠርጥሩ

እነዚህ ከተቀረጸ የእንጨት ሰሌዳ የሚታተሙ የጃፓን ህትመቶች ሲጀመር ብርቅ አልነበሩም። ኤዶ ውስጥ፣ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ተራው ነዋሪ ገዝቶ ቤቱ የሚወስዳቸው ርካሽ ነገሮች ነበሩ። የአንዱ ዋጋ ከአንድ ሁለት ሳህን ኑድል ብዙም አይርቅም ነበር። «ታላቁ ማዕበል» 1831 አካባቢ ሲወጣ ሆኩሳይ ሰባ ዓመት ሞልቶት ነበር። ምስሉ በሺዎች እንደታተመ ይገመታል። ዛሬ ያሉበት የሚታወቁት ግን ከመቶ ጥቂት ቢበልጡ ነው። ከነዚያ አንዱ በ2023 መጋቢት ኒው ዮርክ ውስጥ በክሪስቲስ ጨረታ 2.76 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ስለዚህ በ300 ዶላር «ኦርጅናል ማዕበል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ ወይ ሰውየው የሚሸጠውን አያውቅም፣ ወይ እናንተ የማታውቁ መስሎታል።

የምናወራው እንግዲህ ስለ ቅጂ ነው። ቅጂ መግዛት ነውር የለውም፤ ጥበቡ ራሱ የብዜት ጥበብ ነው። ሆኩሳይ ሰሌዳ አልቀረጸም፣ አላተመምም። እሱ በብሩሽ ስስ ወረቀት ላይ ይስላል። ቀራጩ ያንን ወረቀት በግንባሩ ደፍቶ ቼሪ እንጨት ላይ ይለጥፍና መስመሩን ተከትሎ ይቀርጻል፤ የሠዓሊው ሥራ እዚያው ይጠፋል። አታሚው ደግሞ ለየቀለሙ በተዘጋጁት ሰሌዳዎች ላይ ወረቀቱን አንድ በአንድ ያሳርፋል። ወጪውን የሚችለውና የሚሸጠው አሳታሚው ነው። የማዕበሉ አሳታሚ ኒሺሙራያ ዮሃቺ ይባል ነበር።

ለገዢ ዋናው ነገር አታተሙ ላይ ነው። የሚጫን ማሽን የለም። አታሚው ወረቀቱን ቀለም በተቀባው ሰሌዳ ላይ አጋድሞ፣ ባረን በሚባል ክብ መሣሪያ ጀርባውን በኃይል ይፈትገዋል። ቀለሙ በውሃ የቀጠነ ነው። ወረቀቱም ኮዞ ከሚባል የእንጆሪ ዛፍ (መልበሪ) ዘመድ ልጥ የተሠራ፣ ለስላሳና ጠንካራ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ላዩ ላይ አይቀመጥም፤ የወረቀቱ ቃጫ ውስጥ ይገባል። ጀርባውን ብትገለብጡት ቀለሙ ወዲያ አልፎ ይታያል። አማራጮቹ የሚለያዩት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፤ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ነው ወይስ ላዩ ላይ?

አማራጮቹ

ፖስተር ከሁሉም ርካሹ ነው። ከነፍሬሙ ከ20 እስከ 60 ዶላር ይገኛል። በኦፍሴት ማሽን በአራት ቀለም ነጠብጣቦች ይታተማል። ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ ምንም አይወጣለትም። ተጠግታችሁ ስታዩት ግን የማዕበሉ ሰማያዊ ወደ ጥቃቅን ነጥቦች ይበተናል። ለተማሪ ክፍል፣ ለልጆች መኝታ ቤት፣ ለካፌ በቂ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ የሚያብለጨልጭ ወረቀት አትቀበሉ። የጃፓን ህትመት በአብዛኛው አያንጸባርቅም። አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ሲሆን የካላንደር ቅጠል ይመስላል።

ሸራውን፣ ካንቫስ የሚሉትን፣ አልወደውም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። እነዚህ ምስሎች የተሠሩት በለሰለሰ ወረቀት ላይ፣ በጠፍጣፋ ቀለምና በጥርት መስመር ነው። የሸራው ሽመና ያንን ጠፍጣፋነት ያንጫጫዋል፤ የዘይት ቅብ ለመምሰል የሚሞክር ነገር ይሆናል። ከዚያ ደግሞ የሸራው ጠርዝ እንጨቱ ላይ ሲጠቀለል ከምስሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ይታጠፋል። በግራ በኩል ያለው የሆኩሳይ ፊርማ ጠርዝ ላይ ተጣጥፎ ያየሁበት ጊዜ አለ። ጥቅም የለውም አልልም። ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ትልቅ መስኮት ፊት ለፊት ሲሰቀል ነጸብራቅ አያመጣም። ለሕዝብ መተላለፊያ ኮሪደር ከሆነ ይሁን።

ቀጥሎ ያለው ጂክሌ የሚባለው ነው። በአጭሩ ጥሩ ኢንክጄት ማለት ነው፤ ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት ቀለም ባለው ማተሚያ፣ በፒግመንት ቀለም (ውሃ ውስጥ ከማይሟሟ የቀለም ዱቄት የተሠራ)፣ ከጥጥ በተሠራ ወፍራምና የማያንጸባርቅ ወረቀት ላይ የሚታተም። የሙዚየም ሱቆች ከሚሸጧቸው ጥሩ ቅጂዎች ብዙዎቹ ከዚህ ወገን ናቸው። ያለ ፍሬም ከ40 እስከ 150 ዶላር የሚደርስ ዋጋ ታያላችሁ። ከፖስተሩ የሚበልጥበት ሁለት ነገር አለው። የቀለም ሽግግሩ ለስላሳ ነው፣ ፒግመንቱም ብርሃን ይችላል። «አንድ ምረጥልኝ» ለሚለኝ ለአብዛኛው ሰው የምመርጥለት ይህንን ነው። ግን ስሙን ብቻ አትመኑ። ጂክሌ የሚለውን ቃል ማንም በማንኛውም ወረቀት ላይ ይለጥፈዋል። ቀለሙ ፒግመንት መሆኑንና የወረቀቱን ዓይነት ሻጩ በግልጽ ካልጻፈ፣ በፖስተር ዋጋ ካልሆነ አትግዙ።

ከዚያ የሚቀጥለው ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ የማያውቀው ነው፤ ዛሬም በእጅ ተቀርጾ በእጅ የሚታተም ቅጂ። ቶኪዮ ውስጥ አዳቺ የእንጨት ህትመት ተቋም አለ። ኪዮቶ ውስጥ ከ1891 ጀምሮ የሚሠራው ኡንሶዶ አለ። ቀራጮቻቸው የድሮውን ህትመት አይተው በአዲስ የቼሪ ሰሌዳ እንደገና ይቀርጻሉ። አታሚዎቻቸው በኮዞ ወረቀት ላይ በባረን ያትማሉ። አሠራሩ የኤዶው ነው፤ የተለወጠው እጁ ነው። ዋጋው ያለ ፍሬም መቶ ዶላር አካባቢ ይጀምርና እንደ ምስሉ ውስብስብነት ይወጣል። ለዚህ ያህል የእጅ ሥራ ውድ ነው አልልም። ብዙ ሰው ለፍሬም ብቻ ከዚያ በላይ ይከፍላል።

አዲስ የታተመውን የሚያይ ሰው መጀመሪያ ቅር ሊለው ይችላል። «ይሄማ በጣም ይደምቃል፣ ፎርጅድ ይመስላል» ይላል። ዓይናችን የለመደው ሙዚየም ውስጥ ሁለት መቶ ዓመት የቆየውን ነው። ወረቀቱ ቡኒ ሆኗል፣ ቀዩና ሐምራዊው ሸሽቷል። የኤዶ ገዢ ከሱቅ ይዞት የወጣው ግን ደማቁን ነው። ያረጀ መልክ የምትወዱ ከሆነ የሙዚየም ፎቶ ላይ የተመሠረተ ጂክሌ ይሻላችኋል። ትኩሱን ማየት ከፈለጋችሁ በእጅ የታተመውን ውሰዱ። ሁለቱም ስህተት አይደሉም።

ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተረፉ የቆዩ የእጅ ቅጂዎችም በሁለተኛ እጅ ገበያ ይዞራሉ። ጥሩ ጥሩ አላቸው። ግን ብዙ ጊዜ የሚሸጡት «ጥንታዊ» በሚል አሻሚ ቃል ነው። እርጥበት ያመጣው ቡናማ ነጠብጣብም አይጠፋቸውም። የሚያይላችሁ አዋቂ ከሌለ እለፏቸው።

ሌላ መንገድ ደግሞ አለ፤ ቅጂ መፈለግ ትቶ ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎች መሄድ። ካዋሴ ሃሱይ (1883–1957) የበረዶ፣ የዝናብና የጨረቃ ሌሊት ሠዓሊ ነው። አሳታሚው ዋታናቤ ሾዛቡሮ ያቋቋመው ቤት ቶኪዮ ውስጥ አሁንም አለ። ሃሱይ ከሞተ በኋላም ህትመቶቹን ሲያወጣ ቆይቷል። እነዚህ የኋላ ህትመቶች በሠዓሊው ዕድሜ ከታተሙት በብዙ ይረክሳሉ፤ ሆኖም በእጅ የታተሙ ናቸው። በሌላው የዘመኑ ሠዓሊ በዮሺዳ ሂሮሺ ላይ ደግሞ ልዩነቱን በቀላሉ ታገኙታላችሁ። ራሱ የተቆጣጠራቸው ህትመቶች ግራ ጠርዝ ላይ ጂዙሪ የሚባል ማኅተም አለ። ማኅተሙ ከሌለ ዋጋውም መውረድ አለበት።

እጃችሁ የገባውን እንዴት ታውቁታላችሁ? ስልካችሁን በጣም አስጠግታችሁ አንድ ወጥ ቀለም ያለበትን ቦታ ፎቶ አንሱ። በሥርዓት የተደረደሩ የቢጫ፣ የሮዝና የሰማያዊ ነጥቦች ካያችሁ ኦፍሴት ነው። እንደ ስስ ጭጋግ የተረጨ ከሆነ ኢንክጄት ነው። ምንም ነጥብ የሌለው፣ ወጥ የሆነ፣ አልፎ አልፎ የእንጨቱ መስመር የሚታይበት ከሆነ የሰሌዳ ህትመት ነው። ጀርባውን ማየት ከቻላችሁ ጥርጣሬው እዚያው ያልቃል።

የመረጣችሁት ምስል ዘዴውን ይወስናል

ሰው መጀመሪያ ዋጋ ይወስናል፣ ከዚያ ምስል ይመርጣል። ተገላቢጦሹ ይሻላል። አንዳንድ ምስል በርካሽ ህትመት ብዙም አይጎዳም። አንዳንዱ ግን ነፍሱ ይወጣል።

ማዕበሉን እንውሰድ። ያን ጊዜ ከአውሮፓ በገባው የፕሩሺያ ሰማያዊ ቀለም የተሠራ ነው። ያ ሰማያዊ ጠንካራና ጥልቅ በመሆኑ በጥሩ ጂክሌም ያምራል። መስመሮቹ ወፍራም ናቸው፣ ቀለሞቹ ጥቂት ናቸው። ለርካሽ ህትመት ከሁሉም የሚታገሠው ይህ ምስል ነው። ምናልባት ዓለምን ያጥለቀለቀው ለዚህም ይሆናል።

ከዚያው «ሠላሳ ስድስቱ የፉጂ ተራራ ዕይታዎች» ከሚባለው ተከታታይ (ስሙ ሠላሳ ስድስት ይበል እንጂ በመጨረሻ 46 ሆኗል) «ቀዩ ፉጂ» የሚባለውም ተወዳጅ ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ፖስተሮቹ ተራራውን እንደ በርበሬ ያቀሉታል። ቀድመው የታተሙት ግን ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ ረጋ ያለ ቀለም አላቸው። «ሮዙ ፉጂ» እየተባሉም ይጠራሉ። በዚህ ምስል ላይ የእንጨቱ መስመር ራሱ የውበቱ አካል ነው። ያ የሚጠፋበት ህትመት የቀለም ቁራጭ ብቻ ይሆናል። ለቀዩ ፉጂ ወይ በእጅ የታተመ፣ ወይ በጣም ጥሩ ጂክሌ።

የሌላው የኤዶ ሠዓሊ የሂሮሺጌ «ድንገተኛ ዝናብ በሺን-ኦሃሺ ድልድይ ላይ» ቁመት ያለው ምስል ነው፤ በ1857 የወጣ፣ ከ«መቶ የኤዶ ዝነኛ ቦታዎች» ተከታታይ። የሆላንዱ ሠዓሊ ቫን ጎ በ1887 በዘይት ቀለም የገለበጠው እሱን ነው። በዚያው ዓመት የዚሁ ተከታታይ የሆነውን የካሜይዶ ፕለም ዛፍም ገልብጧል። ዝናቡ በሁለት አቅጣጫ የሚወርዱ የፀጉር ያህል የቀጠኑ መስመሮች ነው። ጥራቱ ዝቅ ባለ ፋይል ሲታተም ዝናቡ ወደ ግራጫ ጭስ ይለወጣል። ሻጩ ያስቀመጠውን ፎቶ አጉሉና ዝናቡን ፈልጉ። መስመር በመስመር ካልታየ ይቅርባችሁ። ጠባብ ግድግዳ፣ በሁለት በር መሃል ያለ ቦታ ካላችሁ ግን እንደዚህ የሚሆን ምስል አላውቅም።

ሻራኩ የሳላቸው የቲያትር ተዋንያንና ኡታማሮ የሳላቸው ሴቶች ጉዳይ ከሁሉም ይለያል። ሻራኩ ከ1794 እስከ 1795 አሥር ወር ገደማ ብቻ ሠርቶ የጠፋ ሰው ነው። ማንነቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የመጀመሪያዎቹ የተዋንያን ፊቶቹ ጀርባ ማይካ በሚባል አብለጭላጭ ማዕድን ዱቄት የተሸፈነ ነው። ጎንበስ ቀና ስትሉ ጥቁር ብርማ ሆኖ ይብለጨለጫል። ይህንን የትኛውም ኢንክጄት አያወጣውም፤ ፎቶ ላይ ሙት ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ሻራኩን ከወደዳችሁ ገንዘብ ቆጥባችሁ በማይካ በእጅ የታተመውን ግዙ። በፖስተር ከሆነ ግን ሌላ ሠዓሊ ይሻላችኋል።

መጠን፦ ሳሎኑ ትልቅ ቢሆንም

የማዕበሉ ትክክለኛ መጠን 25.7 በ37.9 ሴንቲ ሜትር ነው። ከኤ3 ወረቀት ያንሳል። ይህንን የሚሰማ ሁሉ ይገረማል። ብዙ ሰው ግድግዳ የሚያህል ስዕል ነው ብሎ ያስባል። ዋሽንግተን ያላችሁ የፍሪር ጋለሪን፣ ለንደን ያላችሁ የብሪቲሽ ሙዚየምን፣ እስራኤል ያላችሁ ሃይፋ ያለውን የቲኮቲን የጃፓን ጥበብ ሙዚየም አንድ ቀን ጎብኙ። የእንጨት ህትመት በአካል ስታዩ ስለ መጠን ያላችሁ ሃሳብ ይስተካከላል። ስትሄዱ ግን ምን እንደተሰቀለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እነዚህ ህትመቶች ብርሃን ስለሚጎዳቸው ጥቂት ወራት ታይተው ወደ ጨለማ መደርደሪያ ይመለሳሉ።

ወደ 60 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሲለጠጥ ምን ይሆናል? መስመሩ ገመድ ያህላል። ጥርት ያለው የአረፋ ጣት ወፍራም ይሆናል። በእጅ ተይዞ እንዲታይ የተሠራ ምስል ነውና ሲቀርቡት እንጂ ሲሸሹት አያምርም። ትልቅ ባዶ ግድግዳ ካላችሁ አንዱን ከመለጠጥ በትክክለኛ መጠናቸው ሁለት ወይም ሦስት አድርጋችሁ ጎን ለጎን ስቀሉ።

የመጠን ጣጣ ሌላም አለው፤ መቆረጥ። የማዕበሉ ወርድ ከቁመቱ 1.47 እጥፍ ገደማ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት ዝግጁ ፍሬሞች 30 በ40፣ 40 በ50፣ 50 በ70 ናቸው። አንዳቸውም ልክ አይመጡም። ሻጩ ፍሬሙን ለመሙላት ከግራና ከቀኝ ይቆርጣል። 40 በ50 ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ከወርዱ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠፋል። የሚሄደው ምን መሰላችሁ? ግራ በኩል ያለው ፊርማና የርዕሱ ሳጥን አካባቢ፣ ቀኝ በኩል ደግሞ የጀልባው አካል። ምስሉ ላይ ሦስት ጀልባዎችን ቁጠሩ፣ ላይ በግራ የርዕሱን ሳጥንና ከሱ በስተግራ ፊርማውን ፈልጉ። ከጎደለ አትግዙት። አንዳንዶች ጽሑፉን «ዘመናዊ እንዲመስል» ብለው በኮምፒውተር ያጠፉታል። እንደኔ ከሆነ ይሄ ከሸራውም ይብሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። 40 በ50 ፍሬም ወስዳችሁ፣ በምስሉና በፍሬሙ መካከል የሚገባውን ወፍራም የካርቶን ጠርዝ 25 በ37 አድርጋችሁ አስቆርጡ። በጎን 6.5፣ ከላይና ከታች 7.5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይተርፋል። ከጠርዙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይሸፈናል እንጂ ምስሉ አይቆረጥም፣ በዚያ ላይ ውድ ይመስላል።

ፍሬም፣ መስታወትና ፀሐይ

ቀጭን ጥቁር ወይም ቀለም ያልተቀባ የእንጨት ፍሬም ይበቃል። ወርቃማ፣ አበባ የተቀረጸበት ፍሬም ለዚህ አይሆንም። ቀርከሃ የሚመስለውም «እስያ ነኝ» እያለ ስለሚጮህ ይቅር።

ካርቶኑ አሲድ የሌለው ይሁን። ተራ ካርቶን በጥቂት ዓመታት ጠርዙ ይቢጫል፣ ያ ቢጫ ወደ ምስሉ ይሻገራል። ከኋላ ችፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ካለም ከህትመቱ ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ አሲድ የሌለው ወረቀት ጣልቃ ይግባ። ፖስተር ላይ ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው። በእጅ የታተመ ላይ ግን ግዴታ ነው። ፍሬም ሠሪው ምስሉን በሙጫ ሰሌዳ ላይ ልለጥፈው ካላችሁ እንቢ በሉ። ስኮችም አይሆንም። ከላይ ብቻ፣ በሁለት ትናንሽ የወረቀት ማንጠልጠያ፣ በውሃ በሚለቅ የስታርች ማጣበቂያ ይያዝ። ላሚኔት የሚል ሐሳብ ካመጣ ደግሞ ሌላ ፍሬም ቤት ሂዱ።

መስታወት ወይስ አክሪሊክ? መስታወት ይረክሳል፣ አይጫርም። አክሪሊክ ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ግን በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል ይጫራል። አቧራም ይስባል። ከውጭ የሚላክ ከሆነ አክሪሊክ ምረጡ። የተሰበረ መስታወት በመንገድ ላይ ህትመቱን ይቆራርጠዋል። በሁለቱም በኩል አልትራቫዮሌት የሚከለክል ዓይነት አለ። በእጅ ለታተመ ስዕል ተጨማሪውን ብር መክፈል ያዋጣል፤ ለፖስተር አያስፈልግም።

ፀሐይን ቀላል አድርጋችሁ አትዩ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አልትራቫዮሌቱ ቆላ ካለው ይበረታል። ሙዚየሞች ለእነዚህ ህትመቶች የሚፈቅዱት ብርሃን 50 ሉክስ አካባቢ ነው፤ ደብዘዝ ያለ ክፍል ማለት ነው። የድሮዎቹ ቀለሞች፣ በተለይ ሳፍላወር ከሚባለው የሱፍ ዓይነት አበባ የሚወጣው ቀይ፣ በብርሃን ይሸሻሉ። የዛሬ ቀለሞች ይሻላሉ፣ ግን የትኛውም ቀጥታ ፀሐይ አይችልም። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ግድግዳ ላይ ከሰቀላችሁ፣ መከላከያ መስታወቱ ጥፋቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ደግሞ ስዕሉን ከኤሲው አየር ፊት ለፊት አትስቀሉ። ቅዝቃዜውና የውጪው እርጥበት ሲፈራረቁበት ወረቀቱ ይጨማደዳል። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ከሆነ ፖስተር ብቻ።

ራሳችሁ ማሳተም

አዲስ አበባ ላላችሁ ይህ መንገድ ከሁሉም ሳይሻል አይቀርም። ሆኩሳይና ሂሮሺጌ ከሞቱ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ሥራዎቻቸው የማንም ንብረት አይደሉም። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ2017 ጀምሮ፣ የቺካጎው የጥበብ ተቋም ከ2018 ጀምሮ ትልልቅ ፋይሎችን በነፃ እንዲወርዱ ፈቅደዋል። ቺካጎ ብቻውን ሦስት የማዕበሉ ህትመቶች አሉት፤ ስታወዳድሩ የሰማዩ ቀለም እንኳ አንድ አይደለም። የወደዳችሁትን ውሰዱ።

38 ሴንቲ ሜትር ወርድ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለማተም ፋይሉ በወርዱ 4500 ፒክስል ያህል ያስፈልገዋል። 3000 ካለውም በ200 ዲፒአይ ያስኬዳል። ከዚያ በታች ከሆነ ሌላ ፋይል ፈልጉ። ከማኅበራዊ ሚዲያ ያወረዳችሁትን ይዛችሁ ማተሚያ ቤት አትሂዱ።

ከተማው የባነርና የስቲከር ማተሚያ የሞላበት ነው። እናንተ የምትፈልጉት ፎቶ ወይም የጥበብ ወረቀት ላይ በኢንክጄት የሚያትመውን ነው። የማያንጸባርቅ፣ በካሬ ሜትር ከ200 ግራም የማያንስ ወረቀት ጠይቁ። የወረቀቱን ቡናማነት ፎቶው ላይ «ነጭ አድርግልኝ» አትበሉ፤ ሰማዩና ሰማያዊው አብረው ይቀዘቅዛሉ። መጀመሪያ የምስሉን ትንሽ ክፍል በትንሽ ቁራጭ አሳትማችሁ በቀን ብርሃን እዩት። ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ ካደላ ባለሙያው ያስተካክለው። ከዚያ ወደ ፍሬም ቤት ውሰዱት፤ ከላይ ያልኩትን ሁሉ እዚያ ትጠይቃላችሁ። በዚህ መንገድ የሚወጣው ነገር ከውጭ ከሚመጣ ፍሬም የተደረገ ፖስተር የተሻለ ነው፣ የጉምሩክ ጣጣም የለበትም።

ከውጭ ስታዙ

ሻጩን አራት ነገር ጠይቁት። ወረቀቱ ምንድን ነው? ቀለሙ ፒግመንት ነው ወይ? የተጻፈው መጠን የምስሉ ነው ወይስ የፍሬሙ? ምስሉ ተቆርጧል? «40 በ50» የሚለው ብዙ ጊዜ የፍሬሙ የውጪ ልክ ነው፤ ምስሉ ሲደርስ የፖስታ ካርድ ታላቅ ወንድም ሊሆን ይችላል። በእጅ የታተመ ነው ካለ የቀራጩንና የአታሚውን ስም፣ ወይም ቢያንስ ያወጣውን ቤት ይንገራችሁ። እውነተኞቹ አሳታሚዎች ይህንን አይደብቁም፤ ብዙዎቹ ጠርዙ ላይ ወይም አብሮ በሚመጣው ወረቀት ላይ ያትሙታል። የጀርባውን ፎቶም ላኩልኝ በሉ።

ፍሬሙን ከውጭ አታስመጡ። ክብደቱ የማጓጓዣውን ዋጋ ያበዛዋል፣ መንገድ ላይ የሚሰበረውም እሱ ነው። ህትመቱን ብቻ አስመጥታችሁ ባላችሁበት ከተማ ፍሬም ውስጥ አስገቡት፤ ፍሬም ሠሪ የሌለበት ከተማ የለም። ፖስተርና ጂክሌ በቱቦ ተጠቅልሎ ቢመጣ ችግር የለውም። በእጅ የታተመ ግን አይጠቀለልም። በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሃል ጠፍጣፋ ሆኖ ይላክ፤ ሻጩ እንደዚያ አልልክም ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።